ሃይላንዱ ውስጥ ምን አለ? በበረራ ላይ የተከለከለ ፈሳሽ ሲገኝ አስተናጋጅ የምታደርገው

በወሎ ቤት ሃይላንድ አይጣልም። ውሃው ከተጠጣ በኋላ ነው ፕላስቲኩ ሥራ የሚጀምረው። ዘይት ይገባበታል። ነጭ ጋዝ ይገባበታል። በረኪና፣ ጸበል፣ ዘምዘም፣ ማር፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የአረም መድኃኒት፣ አረቄ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ በአንድ ዓይነት ሰማያዊ ክዳን። ቤት ውስጥ የትኛው የት እንዳለ እናት ታውቃለች። አውሮፕላን ውስጥ ግን ጠርሙሱን የምታገኘው አስተናጋጇ ናት፤ እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም።

ጥቂት ዓመት በአስተናጋጅነት ሠርቼ አሁን ደሴ ተመልሻለሁ። ለሙያው የሚዘጋጁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ቡና ላይ ሲያገኙኝ ስለ ዩኒፎርም ይጠይቁኛል፣ ስለ ቁመት ይጠይቁኛል። ስለ ፈሳሽ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን በሥራዬ ብዙ ያላበኝ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጻፍላችሁ።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ተነስተን ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የቀበቶው ምልክት ገና መጥፋቱ ነው። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ዝናብ ያስገባል እንዴ?» አሉኝ። እጅጌያቸው ላይ የሳንቲም ያህል እርጥብ ክብ አለ። ቀና ስል ከላይኛው የዕቃ ማስቀመጫ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ወፈረች፣ ረዘመች፣ ወደቀች። ክቡ ሁለት ሳንቲም ሆነ።

እዚህ ላይ የሁላችንም እጅ የሚቸኩለው አንድ ነገር ለማድረግ ነው። ሶፍት ይዞ መጥረግ። እሱን ነው የማይደረገው።

መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ለዩ

«የተከለከለ ፈሳሽ» የሚለው ስም አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ያጭቃል። አያያዛቸው ግን ለየቅል ነው።

አንዱ በመጠኑ ብቻ የተከለከለው ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ለንደን ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማፈንዳት የታቀደ ሴራ ተደረሰበት። የ100 ሚሊ ሊትሩ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ አየር ማረፊያዎች፣ በዓለም አቀፍ በረራ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሁሉም አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ከረጢት ይገባል። ማርና ቅቤም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ታዲያ አንድ ሊትር ማር አየር ላይ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ማር መሆኑ ከተረጋገጠ እሳት አይደለም፣ መርዝ አይደለም። እንዳይፈስ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ለዋና አስተናጋጇ መንገር፣ ሲያርፉ ማሳወቅ። በቃ።

ሁለተኛው መንገደኛው እዚያው ሊጠጣው የያዘው የአልኮል መጠጥ ነው። ከራስ ጠርሙስ እየቀዱ መጠጣት አይፈቀድም። ሰውየው ምን ያህል እንደጠጣ የሚያውቀው ሠራተኛው መሆን አለበትና። በትሕትና ይወሰዳል፣ የወንበር ቁጥር ይጻፍበታል፣ ሲወርድ ይመለስለታል። እዚህ ላይ ጉልበት የለም፤ «ጋሼ፣ እኔ ላስቀምጥልዎ» ይበቃል። ካልበቃ ካፒቴኑ አለ።

ሦስተኛው ትክክለኛው ጉድ ነው። የሚነድድ፣ ቆዳና ብረት የሚበላ፣ የሚመርዝ። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ የቀለም ማቅጠኛ ትነር፣ የመኪና ባትሪ አሲድ፣ በረኪና፣ ፀረ ተባይ፣ ሜርኩሪ። እነዚህ በእጅም በሻንጣም አይሄዱም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለነሱ ነው።

አራተኛው ባለቤት የሌለው፣ ሽቦ ወይም ባትሪ የተያያዘበት፣ ሆን ተብሎ የተደበቀ የሚመስለው ነው። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ አትክፈቱት። ለካፒቴኑ ንገሩ፣ ሰው አርቁ፣ ትእዛዝ ጠብቁ። የቀረው በሥልጠና ክፍል ይነገራል እንጂ በአደባባይ አይጻፍም።

ያልታወቀ ነገር ሁልጊዜ ከሦስተኛው ጋር ይመደባል። ውሃ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ውሃ አይደለም።

ለካፒቴኑ ንገሩ፣ ከዚያ ዕቃ አምጡ

አንዷ ከቦታው አትነቃነቅም። ሌላዋ ኢንተርፎን፣ ማለትም የአውሮፕላኑን የውስጥ ስልክ፣ ታነሳለች። በትንሽ አውሮፕላን ሁለት ብቻ ስለምትሆኑ ማን ምን እንደሚሠራ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩበት። አየር ላይ ሆኖ «አንቺ ሂጂ፣ አይ አንቺ» ጊዜ ይበላል።

«ካፒቴን፣ አንድ ነገር ፈሷል» ብሎ መናገር አለመናገር ነው። እኛ የዚያን ቀን ያልነው ይህን ይመስላል፦ «ካፒቴን፣ ረድፍ 9 በስተቀኝ፣ ከላይኛው ማስቀመጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ቀለም የለውም። የአልኮል ዓይነት ሽታ አለው። ግማሽ ሊትር አይሞላም። ጭስ የለም፣ የተጎዳ ሰው የለም። ባለቤቱን እያጣራን ነው።» የት፣ ምን፣ ምን ያህል፣ ሰው ተነክቷል ወይ፣ ባለቤት አለው ወይ። ካፒቴኑ ዓይኑ እናንተ ናችሁ።

እሱ በበኩሉ ጭስ ወይም የሚያንቅ ሽታ ካለ የኦክስጅን ጭንብሉን ያጠልቃል። የማያስፈልግ ኤሌክትሪክ ያጠፋል። አየሩን ያስወጣል። ለበረራ ተቆጣጣሪዎች ይነግራል። ይመለስ፣ ይቀጥል ወይስ ሌላ ቦታ ይረፍ የሚለውን ይመዝናል። ጭነት ክፍል ውስጥ በሕጋዊ መንገድ አደገኛ ዕቃ ተጭኖ ከሆነ ዝርዝሩ ከመነሳቱ በፊት በወረቀት ደርሶታል። መንገደኛ በዘንቢል የያዘው ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይገኝም።

ባለቤቱን ሳታሳፍሩ ጠይቁ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። እኔ ግን ዋናው ሥራ እዚህ ያለ ይመስለኛል።

«የማን ነው ይሄ?» ብላችሁ መተላለፊያው ላይ ቆማችሁ ብትጮሁ ማንም አይመልስም። አገራችንን ታውቁታላችሁ። ሰው ፊት ከመዋረድ ጠርሙሱን መካድ ይቀላል። በርከክ በሉ። ዓይናችሁ ከዓይናቸው ይገናኝ። ድምፃችሁ ዝቅ ይበል።

የዚያን ቀን ባለቤቷ ከሐጂው ጀርባ የተቀመጡ እናት ነበሩ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አድርገዋል። አጠገባቸው ተንበረከክኩ።

«እናቴ፣ ላይ ያለው ዘንቢል የርስዎ ነው?»

«የኔ ነው ልጄ።»

«ውስጡ ምን ይዘዋል?»

«ጸበል ነው።»

ሽታው ሌላ ይላል። ግን «ይዋሻሉ» አይባልም። ጥያቄውን ቀየርኩት። «እናቴ፣ ምንም ይሁን ምን እኔ አልቆጣም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እሳት ቢነካው ይነድዳል?»

ዝም አሉ። ሐጂውን በጀርባ አዩዋቸው። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርገው በጆሮዬ፣ «ትንሽ ይነድዳል» አሉኝ።

ዳግም አረቄ ነበር። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና።

ስለዚህ ስም አትጠይቁ፤ ጠባይ ጠይቁ። ይነድዳል? እጅ ያቃጥላል? ዓይን ቢገባ ምን ይሆናል? ከየት ተቀዳ? ስንት ሊትር ነው? ሌላ ጠርሙስ አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። ወሎዬ አንድ ብቻ ይዞ አይሄድም።

አፍንጫችሁን ጠርሙሱ አፍ ላይ አትድፉ። ማሽተት ካስፈለገ ከራቅ ብላችሁ በእጃችሁ አየሩን ወደ ራሳችሁ ገፋ አድርጉ። ፀረ ተባይ ከሆነ ያ አንድ ትንፋሽ ራሱ ብዙ ነው።

ሰውን አርቁ

ክፍት ወንበር ካለ አዛውሯቸው። ከሌለ እርጥብ ፎጣ ወይም ጨርቅ አድሉና አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ፣ በዚያ በኩል ይተንፍሱ። በተለይ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል። እግር ሥር የተኛ ሕፃን ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሳ።

ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ለምን ከላይ የሚወርደውን የኦክስጅን ጭንብል አትለቁልንም?» ያ ጭንብል የካቢኑን፣ ማለትም የመንገደኛ ክፍሉን፣ አየር ከኦክስጅኑ ጋር ይቀላቅላል። መጥፎውን ሽታ አያስቀርም። የሚነድድ ነገር ባለበት ደግሞ ኦክስጅን መጨመር እሳትን መመገብ ነው።

እጃችሁን ሸፍኑና ጠቅልሉ

ብዙ አየር መንገዶች ለዚህ የሚሆን ኪት አላቸው። ወፋፍራም ፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ማሰሪያ፣ ረጃጅም የጎማ ጓንት። ከሌለ በእጃችሁ ያለውን ተጠቀሙ፦ የቆሻሻ ከረጢት፣ የማስመለሻ ከረጢት፣ የምድጃ ጓንት፣ ጋዜጣ፣ የወንበር ራስ መደገፊያ ጨርቅ። ጢስ ወይም ትነት ካለ ፊትን የሚሸፍነው የጭስ ጭንብል ይጠለቃል።

ቀለበት አውልቁ። ሜርኩሪ ወርቅ ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ያበላሸዋልም። አሉሚኒየምን ደግሞ ይበላል፤ ብዙ አውሮፕላን ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። አንድ የተሰበረ ቴርሞሜትር አውሮፕላንን ለምርመራ ሊያስቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቀስ። አንዷ የመጀመሪያውን ከረጢት አፉን ገልብጣ፣ ጠርዙን ወደ ውጭ አጥፋ ትይዛለች። ሌላዋ ጠርሙሱን እንደቆመ፣ አፉ ወደ ላይ እንደሆነ ታስገባዋለች። ማዘንበል የለም። ክዳኑን ለማጥበቅ መሞከር የለም፤ የተሰነጠቀ ክዳን ሲጠብቅ ይባስ ይፈነዳል። ትርፍ አየሩን በቀስታ አስወጡ፣ አፉን ጠምዝዙ፣ እሰሩ። ግን አታንቁት። አየር ትንሽ የሚያልፍበት ይኑር።

ለምን አይታነቅም? ከኮምቦልቻ ተነስታችሁ ደሴ ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈን የለ? የታሸገ የድንች ጥብስ ፓኬት ያብጥ የለ? የካቢን አየር ከፍ ብሎ ሲበር እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያለው አየር ያህል ይሳሳል። ከደሴ አየር ጋር ይቀራረባል ማለት ነው። ከጅዳ፣ ከባሕር ጠረፍ የታሸገ ጠርሙስ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል፤ ግፊቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጠላና ጠጅ ከሆነ ደግሞ መፍላታቸውን አላቆሙምና ራሳቸው ጋዝ ይጨምሩበታል። የእናታችን ሃይላንድ ያንጠባጠበው ስለተሰበረ አልነበረም። እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በጨርቅ ታስሮ፣ ተጋድሞ ስለነበር ነው።

የታሰረው ከረጢት ወደ ሁለተኛው ይገባል። የጠረጋችሁበት ወረቀት፣ የረጠበ ጨርቅና ጓንታችሁም ወደ ሌላ ከረጢት። የረጠበ የወንበር ሽፋን ካለ እሱም እንደ ጠርሙሱ ይጠቀለላል። ምንጣፍ ላይ የቀረውን በከረጢት ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት እንጂ አታሹት።

የማይደረጉ

ውሃ አታፍሱበት። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ፈሳሽ በውሃ ይሰራጫል፣ አንዳንዱም ጢሱ ይጨምራል፤ ከሥር ሽቦ ሊኖር ይችላል። ሐጂው ያኔውኑ እጅጌያቸውን ሊያጥቡ ውሃ ጠይቀውኝ ነበር። «ሐጂ፣ አንድ ደቂቃ ይታገሱኝ» አልኳቸው። አረቄ መሆኑ ሲታወቅ ነው ውሃ የሰጠኋቸው። ቆዳ ግን ሌላ ነው። አሲድ ሰው ላይ ከፈሰሰ ልብሱ ይወልቅ፣ ቆዳው በብዙ ውሃ ይታጠብ። ዓይን ከሆነ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ። ልጅ ነጭ ጋዝ ከጠጣ ደግሞ አታስመልሱት። ሲወጣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

ሽንት ቤት ወይም ጋሊ (ምግብ ማዘጋጃው) ውስጥ ባለው መታጠቢያ አትድፉት። ታንኩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ከምን ጋር እንደሚቀላቀል አታውቁም። ሁለት ያልታወቁ ፈሳሾችን አንድ ከረጢት ውስጥ አታገናኙ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚያንቅ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህን ቤታችሁ ሽንት ቤት ስታጥቡም አስታውሱት።

ያገኛችሁትን ሁሉ ለመምጠጫ አትጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 የአሜሪካው አየር መንገድ የፓን አም አንድ ቦይንግ 707 የጭነት አውሮፕላን ናይትሪክ አሲድ ጭኖ ሲበር ኮክፒቱ (የአብራሪዎቹ ክፍል) በጭስ ተሞላ። ቦስተን ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ያላግባብ ከታሸጉት ጠርሙሶች የፈሰሰው አሲድ በዙሪያው ከተጎዘጎዘው ሰጋቱራ ጋር መገናኘቱን ነው። ጠርሙስ እንዳይሰበር የተደረገ ሰጋቱራ። ስለዚህ የባትሪ አሲድ ወይም ሌላ የሚበላ ነገር ከመሰላችሁ ወረቀት ከማልበሳችሁ በፊት ካፒቴኑን ጠይቁ።

የት ይቀመጣል?

ከኮክፒትና ከመንገደኛ የራቀ ቦታ። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ባዶ የምግብ ሳጥን ወይም ሽንት ቤት ነው፤ ሽንት ቤት ከሆነ በሩ ይቆለፋል። ከአውሮፕላኑ ግድግዳ ጋር አታስጠጉት፤ የሚበላ ነገር ቢፈስ ግድግዳውን ይነካል። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ እንዳይወድቅ በትራስ ደግፉት። ከዚያ ዝም ብላችሁ ሻይ ማደል አትጀምሩ። በየጥቂት ደቂቃው ሂዱና እዩት። ከረጢቱ አብጧል? ሽታ ወጥቷል? ሞቋል? እሳት ከተነሳ ማጥፊያው በእጃችሁ ይሁን።

ካረፋችሁ በኋላ

ከመሬት የመጡትን ሠራተኞች ይዛችሁ ሂዱና ከረጢቱን በጣታችሁ አሳዩ። «ኋላ አለ» አይበቃም። የረጠበው ወንበርና ምንጣፍ ቴክኒሻን እንዲያየው በአውሮፕላኑ መዝገብ ይጻፍ፤ ረድፍ፣ ወንበር፣ የፈሳሹ ዓይነት፣ ሰዓት። ከዚያ ሪፖርት ይሞላል፤ ይህ ሪፖርት በመጨረሻ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ይደርሳል። ጠርሙሱ ለባለቤቱ አይመለስም።

ለመንገደኞችም ትንሽ ልበል። ቅቤና ማር በሻንጣ ይሂዱ፤ በሁለት ፕላስቲክ፣ አፋቸው ሳይሞላ። ዘምዘም ከሆነ ለበረራ ተብሎ የታሸገውን ካርቶን ያዙ እንጂ ከጄሪካን አትገልብጡ። ሽቶና የቆዳ ቅባት በየዕቃው እስከ ግማሽ ሊትር፣ በድምሩ እስከ ሁለት ሊትር ይፈቀዳል፤ በእጅ ከሆነ ግን 100 ሚሊ ሊትሩ አይቀርም። የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በፋብሪካ ማሸጊያው እንዳለ በሰው አምስት ሊትር ድረስ ነው፤ ከ70 በመቶ በላይ ጭራሽ የለም። ቤት የወጣ ዳግም በሃይላንድ የፋብሪካ ማሸጊያ አይደለም፤ ቢለምኑም አይሆንም። የግሼንና የላሊበላ ጸበል የያዛችሁ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ «ጸበል» ብላችሁ ጻፉበት። ሰው ፊት ከመጠየቅ ያድናችኋል።

እናታችን ሲወርዱ ጠርሙሱን አልጠየቁም። የጠየቁት ክዳኑ የታሰረበትን ጨርቅ ነው፤ የድሮ መቀነታቸው ቁራጭ ኖሯል። እሱም ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል፣ አይወጣም። ደረጃው ሥር ቆመው ሲያመነቱ ሐጂው ዘንቢሉን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። «አብሽሪ እናቴ» አሉና ቀድመው ሄዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ እጅጌያቸው ገና ይሸት ነበር።